«ኳርተር»፥ አንድም ሩብ፥ አንድም ሰፈር
(በጂቡቲ ከተማ በካርቲየ 3 ለተሰበሰቡ መምህራንና ወላጆች የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የእንግሊዝኛ ቃላት ትርጉምና የዕለት ተዕለት አጠቃቀም» የሚል ነበር። ርእሱ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ፥ ሁሉን ነካክቶ አንዱንም ሳያስጨብጡ ከመለያየት፥ አንዱን ብቻ መርጦ አጥብቆ መያዝ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ብቻ ነው። ቃሉም ከሩቅ የምናመጣው አይደለም። ወደዚህ ስትመጡ ለባለ ታክሲው የነገራችሁት፥ ለዘመድ በምትሰጡት አድራሻ ላይ የምትጽፉት፥ ልጆቻችሁም «ቤታችሁ የት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት ቃል ነው፤ ይኸውም «ካርቲየ» ነው። ካርቲየ የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ የእንግሊዝኛው ወንድሙ «ኳርተር» ይባላል። ሁለቱም ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው።

ይህን ቃል የመረጥሁት ስለ ጣፈጠኝ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚገጥማቸውን አንድ ትልቅ ችግር በዚህ ትንሽ ቃል ላይ ቁልጭ አድርጎ ማሳየት ስለሚቻል ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሳስተምር የዕጩ መምህራንን ደብተር የመመልከት ዕድል አለኝ። ገጹ ከመካከሉ በመሥመር ተከፍሎ፥ በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፥ በቀኝ በኩል የአማርኛው ትርጉም ተጽፎ ይገኛል፤ በመካከላቸውም የእኩል ምልክት ቆማለች። «ኳርተር» ከሚለው ቃል ትይዩ የሚገኘው «ሩብ» የሚለው ቃል ነው። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም። ጉዳቱ የሚጀምረው፥ ዕጩው መምህር ያችን የእኩል ምልክት እንደ ሒሳብ ምልክት አድርጎ ያመናት እንደ ሆነ ነው። ሁለትና ሁለት አራት ነው ስንል በአዲስ አበባም በጂቡቲም፥ ዛሬም ነገም አራት ነው። በሁለት ቋንቋዎች ቃላት መካከል ግን እንዲህ ያለ እኩልነት የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

አንድ ዕጩ መምህር በልምምድ ትምህርቱ ጊዜ፥ ስለ መምህራን «ኳርተርስ» የሚናገር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ገጠመውና «የመምህራን ሩቦች ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ይገኛሉ» ብሎ ተረጐመው። ተማሪዎቹ ሳቁ። ሣቁ ካለቀ በኋላ ግን፥ ታዲያ ትክክለኛው ትርጉም ምንድን ነው ተብለው ቢጠየቁ፥ ከሳቁት መካከል የሚመልስ አልተገኘም። ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው ስለ መምህራን መኖሪያ ቤቶች ነበር።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና፥ እኛም አስቀድመን ወደ ቃሉ ሥር እንውረድ።

የኳርተርና የካርቲየ እናት «ኳርቱስ» የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም «አራተኛ» ማለት ነው። ቃሉ ከላቲን ወደ ጥንታዊው ፈረንሳይኛ፥ ከጥንታዊው ፈረንሳይኛም ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። የእኛም «ሩብ» በሴማውያን ቋንቋዎች ዘንድ ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ አለው። አራት፥ አርባ፥ ሩብ፥ ረቡዕና ራብዕ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። ረቡዕ ከእሑድ ጀምሮ ሲቈጠር የሳምንቱ አራተኛ ቀን ነው፤ ራብዕም ለ፥ ሉ፥ ሊ፥ ላ ስንል አራተኛው የፊደል ድምፅ ነው። ስለዚህ «ኳርተር» ሩብ ነው ያለ ሰው፥ ሥሩን በትክክል አግኝቷል ማለት ነው። ነገር ግን ሥሩን ያገኘ ሰው ዛፉን ሁሉ አየ ማለት አይደለም፤ ጥላውም ፍሬውም የሚገኘው ከቅርንጫፉ ነውና። ቅርንጫፎቹን እንግዲህ አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው ቅርንጫፍ የመጠን ነው። አንድ ነገር በአራት እኩል ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል ኳርተር ነው። በዚህ ላይ «ሩብ» የሚለው ቃላችን ያለ ችግር ይተካዋል፤ ሩብ ኪሎ ቡና፥ ሩብ ሊትር ዘይት እንላለን። ወደ ገንዘብ ስንሻገር ግን መንገዱ ወዲያው ይለያል። አሜሪካኖች የዶላርን ሩብ፥ ማለት 25 ሳንቲሙን፥ በአጭሩ ኳርተር ይሉታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተመታው የብር ሩብ በእኛም ዘንድ ሩብ ይባል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን 25 ሳንቲም ግን ሕዝቡ የጠራው ስሙኒ ብሎ ነው። ስለዚህ አንድ አሜሪካዊ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ «ኳርተር ሰጠሁት» ሲል ብናገኘው፥ «ሩብ ሰጠሁት» ከማለት ይልቅ «25 ሳንቲም ሰጠሁት» ብንል አንባቢያችን ይረዳናል።

ሁለተኛው ቅርንጫፍ የጊዜ ነው። በእንግሊዝኛ «ኳርተር ቱ ሰቨን» የተባለውን «ለሰባት ሩብ ጉዳይ» ብሎ የተረጐመ ልጅ፥ ሩቡን በትክክል አግኝቶ ሰዓቱን ግን ስቷል። በእኛ አቈጣጠር ያ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ይህ ነገር በክፍል ውስጥ አንድ ነጥብ ያስቀንስ ይሆናል፤ በባቡር ጣቢያ ግን ስድስት ሰዓት ያህል ያዘገያል። በኢትዮጵያና በጂቡቲ መካከል በሚመላለስ ሕዝብ ዘንድ ይህ ተራ የሰዋስው ጉዳይ እንዳልሆነ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ዓመትም በአራት ሲከፈል ኳርተር ይባላል፤ እኛ «ሩብ ዓመት» ብለን ተርጕመነዋል፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ሦስት ወር መሆኑን አይተው «ትሪሜስትር» ይሉታል። እዚህ ላይ የሚያሳስተው ቃሉ ሳይሆን መነሻው ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያው ሩብ ዓመት» ሐምሌን፥ ነሐሴን፥ ጳጉሜንና መስከረምን የያዘ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ለሚሠራ ሰው ግን የመጀመሪያው ኳርተር ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለው ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደብ «ዕቃው በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ይደርሳል» ተብሎ አንድ ደብዳቤ ቢጻፍና አቈጣጠሩ ባይገለጽ፥ ጸሐፊውና አንባቢው አንዱን ቃል ይዘው የተለያየ ወቅት ይጠብቃሉ። ደግሞም ልብ በሉ፤ ጳጉሜን ስለ ተጨመረችበት፥ የእኛ የመጀመሪያ ሩብ ዓመት 95 ወይም 96 ቀን ሲሆን የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው 90 ቀን ናቸው። ሩብ የተባለው እንኳ ሁልጊዜ እኩል ሩብ አይደለም።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የፈለገ ቀና ብሎ ጨረቃን ይመልከት። ጨረቃ ወሯን የምትፈጽመው በ29 ቀን ተኩል ያህል ነው። የዑደቷን ሩብ ስትፈጽም «የመጀመሪያ ኳርተር» ላይ ደረሰች ይባላል። በዚያች ማታ ግን ለዓይናችን የሚታየው የፊቷ ግማሽ በርቶ ነው። በሳይንስ ክፍል «ኳርተር ሩብ ነው» ብቻ ተብሎ የተነገረው ተማሪ፥ ሥዕሉን ሲያይ መጽሐፉ የተሳሳተ ይመስለዋል። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ ሩብ የተባለው የጉዞዋ እንጂ የፊቷ መጠን አይደለም።

ሦስተኛው ቅርንጫፍ ወደ እናንተ ቤት የሚያደርሰን ነው። ከተማ ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል ኳርተር ወይም ካርቲየ ተባለ። በጥንቱ የኢየሩሳሌም ከተማ ይህ ቃል ከሥሩ ጋር እንደ ተስማማ ይገኛል፤ ከተማይቱ የእስላሞች፥ የክርስቲያኖች፥ የአይሁድና የአርመኖች ተብላ በአራት ትከፈላለችና። የእኛ ዴር ሡልጣን የሚገኘውም በክርስቲያኖቹ ክፍል ነው። በፓሪስም ከተማ 20 አውራጃዎች እያንዳንዳቸው በአራት ካርቲየ ስለ ተከፈሉ፥ በጠቅላላው 80 ካርቲየ አለ፤ በዚያም አራትነቱ አልተረሳም። በዚሁ በፓሪስ «የላቲን ካርቲየ» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው፥ በጥንት ዘመን በዚያ የሚኖሩ መምህራንና ተማሪዎች የትምህርታቸው ቋንቋ ላቲን ስለ ነበረ ነው፤ ይህንንም ለሙያችን ክብር ስል እግረ መንገዴን አነሣሁት።

ነገር ግን ቃል እንደ ሰው ነው፤ አድጎ ከቤቱ ሲወጣ የአባቱን ቍጥር አይጠብቅም። ወደ ሐረር ብንሄድ በጀጎል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉ፤ ከተማይቱም በእነዚሁ በሮች ስም በሚጠሩ አምስት ክፍሎች ተከፍላ ኖራለች። ስለ ሐረር በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች አምስቱን ክፍሎች «አምስት ኳርተርስ» ይሏቸዋል። አምስት ሩብ ከአንድ ይበልጣል ብሎ የሚከራከር የሒሳብ ሰው ቢኖር፥ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሐረርም ግን አልተሳሳተችም።

ወደዚህ ወደ ጂቡቲ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ፈረንሳዮች ከተማይቱን እ.ኤ.አ. በ1888 ከቈረቈሩ በኋላ አውሮፓውያኑ በሰሜን በኩል ሲሰፍሩ፥ የአገሬው ሰውና ከየአገሩ ለሥራ የመጣው ሕዝብ በደቡብ በኩል በእንጨትና በቆርቆሮ ቤት እየሠራ ተቀመጠ። ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡርም ከእኛ አገር ብዙ ሰው አምጥቷል። የደቡቡም መንደሮች በስም ሳይሆን በቍጥር ተጠሩ፤ ካርቲየ 1፥ ካርቲየ 2፥ ካርቲየ 3 እየተባለ እስከ 7 ተቈጠረ። ሰባትም አልበቃ ብሎ «7 ቢስ» ተጨመረ። «ቢስ» በላቲን «ሁለተኛ ጊዜ» ወይም «ደግሞ» ማለት ነው። የአማርኛ ጆሮ ግን ዕድለ ቢስና መላ ቢስ ማለት የለመደ ስለ ሆነ፥ የዚያ ሰፈር ሰዎች ምን በድለው ነው የሚል ጥያቄ ቢያነሣ አይፈረድበትም። የአንዱ ቋንቋ ድምፅ በሌላው ቋንቋ ጆሮ ሲገባ ምን ያህል እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አራተኛ የነበረው ቃል እንግዲህ ሰባት ደርሶ ከሰባትም አለፈ። ቍጥሩ ሞቶ ቦታው ቀረ፤ ቦታውም ቀስ በቀስ ሰው፥ ጎረቤት፥ ሱቅ፥ መስጊድ፥ ዕድርና ትዝታ ሆነ። ይህ በአገራችንም ያለ ነገር ነው። አዲስ አበቤው አራት ኪሎ፥ ስድስት ኪሎ፥ ሰባተኛ፥ ሃያ ሁለት ሲል ሒሳብ መሥራቱ አይደለም፤ ሰፈሩን መጥራቱ ነው።

«ሰፈር» የሚለውን ቃላችንን ካነሣሁ አይቀር፥ እርሱም ራሱ ታሪክ እንዳለው ልናገር። ሰፈር አስቀድሞ የጦር ሠራዊት ድንኳን ተክሎ የሚያርፍበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ ተሰጣቸው፤ ወታደሩና አሽከሩም በየጌታው ዙሪያ ሰፈረ። ድንኳኑ ጎጆ፥ ጎጆው ቤት፥ ቤቱም ከተማ ሲሆን ሰፈር የሚለው ስም አብሮ ቀረ። ሠራተኛ ሰፈርን የመሰለ ደግሞ በነዋሪው ሙያ ተጠራ። በእንግሊዝኛም «ኳርተርስ» የወታደር ማደሪያ ነው፤ «ሄድኳርተርስ» የሚሉትን በወታደር ቤት አማርኛ ጠቅላይ ሰፈር ወይም ጠቅላይ መምሪያ እንለዋለን። እንግዲህ ሁለት ሕዝቦች፥ ተገናኝተው ሳይማከሩ፥ የጦር ማረፊያንና የከተማ መንደርን በአንድ ቃል ጠሩ። ይባስ ብሎ ደግሞ እኛ እህል በቁና እንሰፍራለን፤ እንግሊዞችም በቀድሞ ዘመን ስምንት ቡሼል እህል አንድ ኳርተር ነው እያሉ ይሰፍሩ ነበር። ስለዚህ መስፈርም ኳርተርም በመለኪያና በመኖሪያ ላይ ይገናኛሉ። «ሩብ» የሚለው ቃል በደብተር ላይ ብቻውን ቆሞ ሳለ፥ «ሰፈር» የሚለው ወንድሙ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

የቀሩትን ቅርንጫፎች በአጭሩ ልጥቀስ። «ከሁሉም ኳርተርስ መጡ» ሲባል ከየአቅጣጫው መጡ ማለት ነው፤ እኛም ከአራቱ ማዕዘን መጡ እንላለን። «በአንዳንድ ኳርተርስ ቅሬታ አለ» ሲባል በአንዳንድ ወገኖች ዘንድ ቅሬታ አለ ማለት ነው፤ ከዚህ ላይ ሰፈርም ሩብም የለም። «ክሎዝ ኳርተርስ» ተብሎ ስለ ጦርነት ሲነገር እኛ ጨበጣ የምንለው ውጊያ ነው። በስተ ምሥራቅ ከባሕሩ ማዶ የሚገኘውን ታላቁን የዓረብ ምድረ በዳ ዓረቦች «ሩብ አል ኻሊ» ይሉታል፤ እንግሊዞችም ቃል በቃል ወስደው «ባዶው ኳርተር» ብለውታል።

ከሁሉ የከበደው ግን የመጨረሻው ነው። በእንግሊዝኛ «ኖ ኳርተር» ማለት ምሕረት የለም፥ እጁን የሰጠም አይማርም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 በሄግ የተደነገገው የምድር ጦርነት ደንብ በ23ኛው አንቀጹ እንዲህ ያለውን ዐዋጅ ከልክሏል። አንድ የታሪክ ተማሪ ይህን «ሩብ የለም» ብሎ ቢያነብበው፥ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ቃል የገበያ ሒሳብ አድርጎት ያልፋል። የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ በእንግሊዝኛ ክፍል ያልተያዘ ቃል በታሪክም፥ በጂኦግራፊም፥ በሳይንስም ክፍል ያመልጣል። የአንድ ቃል ጉድለት የአንድ ትምህርት ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም የምለው ስለዚህ ነው።

አንድ አባት ያጫወቱኝን ብነግራችሁ የነገሩ ክብደት ይገለጥላችኋል። ልጃቸው እዚሁ ካርቲየ 3 ተወልዶ ካደገ በኋላ ለትምህርት አገር ቤት ከዘመድ ዘንድ ተላከ። የገባበትን ትምህርት ቤት ስም መጥቀስ አያስፈልግም። በፈተና ላይ «የከተማው አሮጌ ኳርተር በወንዙ አጠገብ ይገኛል» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ቀረበና፥ ኳርተር የሚለው ቃል ተሰምሮበት ትርጉሙ ተጠየቀ። ልጁ «ሰፈር» ብሎ ጻፈ። ቀይ ምልክት ተደረገበት፤ የመልሱ ቅጂ የሚለው «ሩብ» ነበርና። ልጁ ተነሥቶ «እኛ አገር እኮ ካርቲየ ማለት ሰፈር ነው» ቢል፥ «እርሱ ፈረንሳይኛ ነው፤ የተጠየቅኸው እንግሊዝኛ ነው» ተባለና ተቀመጠ። አባትዮው «የቈጨኝ አንዱ ነጥብ አይደለም፤ ልጄ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያውቀውን ነገር መጠራጠሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እጁን ማውጣት ትቷል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ በዚያ ክፍል ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን የተረዳው ልጁ ነበር። አሮጌ ሩብ በወንዝ አጠገብ አይገኝም። ያ ልጅ ከመንገዱ፥ ከጎረቤቱ፥ ከእናቱ ቤት ይዞት የመጣው ዕውቀት ከመልሱ ቅጂ ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን የእኩል ምልክቷ ረታችው።

እርግጥ ነው፥ ወንድማማች ቃላት ሁልጊዜ አንድ ሥራ አይሠሩም። ፈረንሳይኛ ለሩብና ለሰዓት ሩብ «ካር» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ ለሦስት ወርም ትሪሜስትር ይላል፤ ካርቲየ የሚለውን ለሰፈር፥ ለጨረቃና ለጠቅላይ ሰፈር ይጠቀምበታል። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ኳርተር ላይ ጫነው። ስለዚህ የጂቡቲ ልጅ ከፈረንሳይኛ ይዞት የሚመጣው ድልድይ ወንዙን ሁሉ አያሻግረውም። መምህሩ ድልድዩ የት ላይ እንደሚያበቃ ሊያሳየው ይገባል እንጂ፥ ከድልድዩ ላይ ገፍቶ ሊጥለው አይገባም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አዲስ ዘዴ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። የቤተ ክህነት ሊቃውንት የመጻሕፍትን ትርጓሜ ሲያስተምሩ «አንድም» እያሉ ትርጉምን በትርጉም ላይ ይደረድራሉ፤ ስሙም አንድምታ መባሉ ስለዚህ ነው። የቅኔ መምህራንም ኅብረ ቃልን ሲያስተምሩ አንድ ቃል ሁለት መልክ እንዳለው ለሕፃን ተማሪ ያሳዩታል። አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ አለው የሚለው አስተሳሰብ እንግዲህ ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም። እኛም በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ «ኳርተር፥ አንድም ሩብ፥ አንድም ሰፈር፥ አንድም ማደሪያ፥ አንድም አቅጣጫ፥ አንድም ወገን፥ አንድም ምሕረት» ብለን ብንጽፍ የራሳችንን ትምህርት ለራሳችን መለስን ማለት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በአንድምታ ትርጉሞቹ ሁሉ ተከብረው አብረው ይኖራሉ፤ በዕለት ንግግር ግን ዓረፍተ ነገሩ ከመካከላቸው አንዱን ይመርጣል። ተማሪውን ማስተማር ያለብን ይህንን ምርጫ ነው።

ምርጫውም በጎረቤት ይታወቃል። ቃሉ በሰዓት አጠገብ ቢገኝ የሰዓት ሩብ ነው። «የመጀመሪያ»፥ «ሁለተኛ» ከሚል ቃልና ከዓመት ጋር ቢመጣ ሩብ ዓመት ነው፤ ያን ጊዜም ዓመቱ መቼ እንደሚጀምር ይጠየቅ። የከተማ ወይም የሕዝብ ስም ቢቀድመው ሰፈር ነው። በመጨረሻው የብዛት ምልክት ይዞ ከመኮንን፥ ከወታደር ወይም ከመምህር ጋር ቢመጣ ማደሪያ ነው። ስለ ጦርነት እየተነገረ «ኖ» የምትለው ቃል ብትቀድመው ምሕረት መከልከል ነው። ይህን ለማስተማር ስድስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ።

ክፍላችን ጠባብ፥ ተማሪያችን ብዙ፥ መጽሐፋችን ጥቂት ስለ ሆነ በዝርዝር ከማስጠናት በቀር ሌላ መንገድ የለንም የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ ዐውቃለሁ። ችግሩ እውነት ነው፤ እኔም በየቀኑ አየዋለሁ። ነገር ግን ስድስት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የሚፈጀው ጠመኔ አንድ ነው። ፈተና ስናርምም ተማሪው የጻፈው መልስ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ገብቶ ስሜት የሚሰጥ መሆኑን መመልከት ወጪ የለውም። የመልስ ቅጂ ሰው የጻፈው ወረቀት ነው፤ ልጁም ሰው ነው፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ዳኛው ዓረፍተ ነገሩ ይሁን።

ለእናንተም ለወላጆች አንድ ቃል አለኝ። በዚህ ከተማ የሚያድግ ልጅ አማርኛን ከቤቱ፥ ሶማልኛንና አፋርኛን ከጎረቤቱ፥ ፈረንሳይኛንና ዓረብኛን ከትምህርት ቤቱና ከጽሕፈት ቤቱ ይሰማል። አንዳንዶቻችሁ ይህ ሁሉ ቋንቋ ልጁን ያደናግረዋል፥ አንዱንም ሳይዝ ይቀራል ብላችሁ ትሠጋላችሁ። ሥጋታችሁ ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር በብዙ ስም፥ አንድ ስምም በብዙ ነገር ላይ ሊውል እንደሚችል፥ ሌላው ልጅ በብዙ ድካም የሚማረውን፥ የእናንተ ልጅ ውሃ ሊገዛ ሲላክ በመንገድ ላይ ተምሮታል። ማታ ሲገባ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብቻ ሳይሆን «ይህን ቃል የት ሰማኸው? ማን ለማን ሲናገር ሰማኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። የቋንቋ ትምህርት ግማሹ በዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ።

ከተማን በካርታ ላይ ለሚያሰምር ሹም 3 ቍጥር ነው። ለሒሳብ መምህር ሩብ ከአራት አንድ ነው። በዚህ ለሚያድግ ልጅ ግን ካርቲየ 3 ሙሉ ነው፤ አልተከፈለም፥ አልጐደለምም። ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣም ያንን ሙሉ ዕውቀት ይዞ ነው የሚመጣው። የመምህር ሥራ በላዩ መጨመር ነው እንጂ ሩቡን ተቀብሎ ሦስቱን እጅ በደጅ ማስቀረት አይደለም።